ጉሮሮው የታነቀ ማስተንፈሻ፦ ወደ አዳማ የወረድኩበት ሳምንት

ማክሰኞ፤ ከአዲስ አበባ ስነሳ

አዳማ የወረድኩት ስሜን ላድን ነው፤ እውነቱን ከመጀመሪያው ልናገር። እኔ ደምሴ፣ አዲስ አበባ በአንድ አርመን ጌታ መጠገኛ ቤት የእንፋሎት ዕቃ የማድስ ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን የተማርኩት ድሬዳዋ፣ ከባቡሩ ብረት ቤት ነው። በዚህ ሥራ እኔ ነኝ ያለ ይምጣና ይሞክረኝ እያልኩ ስፎክር የኖርኩ ሰው ነኝ። እንግዲህ አንዲት ማስተንፈሻ ይህን አፌን ልታዘጋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰችብኝ።

ማስተንፈሻ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠውን ትልቅ ብረት እኛ ጋን እንለዋለን። ጋኑ ውስጥ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብረቱ ፈንድቶ ሰው ይፈጃል። ማስተንፈሻ ያ እንዳይሆን የምትጠብቅ በር ናት። ክዳኗን በዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ይጫነዋል፤ ግፊቱ ሲበረታ ክዳኑን አንስቶ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ሲበርድ ክዳኑ ተመልሶ ይቀመጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የአዳማዋ ግን ሦስቱንም ጊዜ ክዳኗና መቀመጫዋ በመዶሻ የተቀጠቀጠ መስሎ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ ሞርጄ፣ ፍቄ፣ እንደ መስተዋት አድርጌ መለስኩ። ባለቤቷ ወይዘሮ በላይነሽ፣ አዳማ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ የእህል ወፍጮና የኑግ መጭመቂያ ያላቸው ባልቴት ናቸው። «አንዳጅዎ እሳት ያበዛል» ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ። በመጨረሻ እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «አንዳጄን ቶሎሳን እስከ ቅዳሜ ታግሼዋለሁ። ጥፋቱ የሱ ከሆነ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። ያንተ ከሆነ ግን ዳግመኛ ብረት ይዘህ ደጄን እንዳትረግጥ።»

ጌታዬ ደብዳቤውን ሰምተው ሲያበቁ፣ «ሂድና በዓይንህ እይ» አሉኝ። መፍቻዬን፣ መሰርሰሪያዬን፣ ከመደርደሪያችን ላይም አንድ ትርፍ የግፊት መለኪያ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ሦስተኛ ማዕረግ ተሳፈርኩ። ልቤ በደስታ ይዘላል! ከተማ ውስጥ ብረት ስሞርድ የከረምኩ ሰው፣ ወደ ቆላ መውረድ ማለት ለኔ ሠርግ ነው።

ቢሾፍቱ እና ሞጆ

አቃቂንና ዱከምን አልፈን ቢሾፍቱ ስንደርስ ባቡሩ ውሃ ሊቀዳ ቆመ። ሌላው መንገደኛ እግሩን ሊያፍታታ ሲወርድ እኔ ሮጬ ወደ ፊት፣ ፉርጎዎቹን ወደምትስበው ጎታች ሄድኩ። ልክ ስደርስ ማስተንፈሻዋ ተከፈተች። ኧረ ምን ዓይነት ድምፅ ነው! አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ጩኸት፤ ከዚያ ጸጥ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የባቡሩ አንዳጅ ፊቱ ጥቀርሻ የጠጣ ጎልማሳ ነው። ከላይ ሆኖ ሳቀብኝ።

«ምነው ወንድሜ፣ ባቡር አይተህ አታውቅም?»

«አንተ ሳትወለድ ጀምሮ አውቃለሁ» አልኩት። «ይቺን ማስተንፈሻ በስንት ጊዜ ታሳድሷታላችሁ?»

«እሷን? እኔ እዚህ ከመጣሁ ማንም አልነካትም። ከጋኗ ጀርባ ላይ ጉብ ብላ ትተነፍሳለች፣ ትተኛለች። ምን ሆና?»

ቅናት አንገበገበኝ። ጉብ ብላ መቀመጧን በዓይኔ አየሁ፤ አየሁ እንጂ ምኑም አልገባኝም። ወደ ቦታዬ ስመለስ ከጉድባው በስተጀርባ ሐይቁ ብልጭ አለና ተሰወረ፤ በስተ ቀኝ የዝቋላ ተራራ ቆሟል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ስለ በርበሬ ዋጋ ይከራከራሉ።

ሞጆ ላይ ሴቶች ሰፌድ ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ዓቢይ ጾም ነውና እንቁላሉንና እርጎውን እያየሁ ምራቄን ዋጥኩ፤ በአንድ መሐለቅ እፍኝ ሙሉ የሽምብራ ቆሎና አንድ ዳቦ ገዛሁ። ከሞጆ ወንዝ ድልድይ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። ግራሩ ጥላውን ዘርግቷል፣ አፈሩ ነጣ ነጣ ብሎ ይቦናል፣ ሙቀቱ ካፖርቴን አስወለቀኝ። የቦሰት ተራራ ከሩቅ ብቅ ሲል «አዳማ! አዳማ!» ተባለ።

አዳማ፤ የሚዛኑ ድንጋይ

ወፍጮ ቤቱን መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ በአህያ የተጫነ እህል ሁሉ ወደዚያው ይሄዳል። በሩ ላይ ከሃያ የማያንሱ ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፣ ገሚሱ በኦሮምኛ ገሚሱ በአማርኛ ይቀላለዳል። እኔ ግን ጆሮዬን አቅንቼ ወደ ጋኑ ቤት ገባሁ። ማስተንፈሻዋ የለችም። ከጋኑ ጀርባ ላይ መኖር በሚገባት ቦታ አንድ ቀጭን የውሃ ቱቦ ወጥቶ፣ ታጥፎ፣ ግድግዳውን በስቶ ወደ ውጭ ይሄዳል።

ተከትዬው ወጣሁ። ቱቦው ከጓሮው አጥር ወዲያ ድረስ ዘልቋል፤ በክንዴ ብለካው አሥራ አራት ክንድ፣ መታጠፊያው ሦስት። ማስተንፈሻዬ ከጫፉ ላይ ተቀምጣለች። ዘንጓ ላይ፣ ከራሷ ብረት ሌላ፣ የወፍጮው ሚዛን ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሏል!

ኧረ የሰው ያለህ! ያ ድንጋይ ክዳኑን ተጭኖ ይዞታል፤ ጋኑ መተንፈሻ የለውም። ሮጬ ተመለስኩና የጋኑን የግፊት መለኪያ ባየው፣ ማስተንፈሻዋ ስድስት ላይ መከፈት ሲገባት ሰባትን አልፎ ወደ ስምንት ይወጣል።

«ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! እሳቱን ጥረጉ!» ብዬ ጮህኩ።

ምድጃው አጠገብ የነበሩት ሽማግሌ ፍሙን በአካፋ እየዛቁ ማውጣት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ወደ ጓሮው ተመልሼ ድንጋዩን ቀስ አድርጌ አወረድኩ። ማስተንፈሻዋ ተከፈተች፤ ግን እንደ ቢሾፍቱዋ አልጮኸችም። ቀቀቀቀቀቅ! ክዳኗ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል፤ ቱቦው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። ያቺን የሞረድኳትን መቀመጫ ዓይኔ እያየ ቀጠቀጠቻት።

ወይዘሮ በላይነሽ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ መጡ። ወፍራም፣ ቁጡ፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናቸው።

«ማነው ድንጋይ የሰቀለው?»

ሽማግሌው ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። አካፋቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ። «እኔ ነኝ እመቤቴ። ‹ይሄን መንቀጫቀጭ ዳግመኛ ከሰማሁ ሂድ› አሉኝ። ዝም አሰኘሁት።»

«ይኸው! እሳት ማብዛቱ አንሶት ሕዝብ ሊፈጅ ነው!» ብለው እህል አስፈጪው ሁሉ እየሰማ ሰደቧቸው፤ «ከዚህ ውጣ!» አሏቸው። ሽማግሌው ከዱላቸውና ከጋቢያቸው ሌላ ምንም ሳይዙ ሄዱ። እኔም፣ እግዜር ይይልኝ፣ «ብዬ ነበር» አልኩ።

ሐሙስ፤ ሁለት መለኪያ

ረቡዕን ብረት ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ጋኑ ከውስጥ ደህና ነው፤ መለኪያውም አይዋሽም። ሐሙስ ጧት ግን ያቺ የቢሾፍቱ ባቡር ትዝ አለችኝ፦ ጉብ ብላ! የኔዋ አሥራ አራት ክንድ ርቃ በቀጭን ጉሮሮ ትተነፍሳለች። ትርፍ መለኪያዬን አወጣሁና ከማስተንፈሻዋ ሥር፣ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ሰርስሬ ገጠምኩት።

ወይዘሮ በላይነሽ የፈረንጅ ቁጥር አያነቡም። የጋኑ መለኪያ መስተዋት ላይ በቀለም ፬፣ ፭፣ ፮ ብዬ የራሳችንን ቁጥር ጻፍኩላቸው።

«እርስዎ እዚህ ጋኑ ዘንድ ሆነው ይጩሁልኝ፤ እኔ ጓሮ ሆኜ እጮሃለሁ።»

«ሆሆ! በስተርጅና ልታስጮኸኝ ነው?» አሉ። ግን ዓይናቸው በራ።

እሳቱን እኔው አነደድኩና ወደ ጓሮ ሮጥኩ። «አምስት!» አሉ ከውስጥ። የኔም አምስት። «ስድስት!» የኔም ስድስት። ክዳኑ ተነሣ፤ ቀቅ! የኔ መለኪያ ላይ ቀስቷ ተስፈንጥራ አራት ላይ ወደቀች።

«አራት!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን አራት ትላለህ! ስድስት ነው! እንዲያውም አልፏል!»

«እዚህ አራት ነው፣ እመቤቴ! አሁን ደግሞ ስድስት! አራት! ስድስት! አራት!»

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። አገኘሁት! ክዳኑ እንደ ተዘጋ እንፋሎቱ ቆሞ ስለሚጠብቅ፣ ጋኑ ዘንድ ያለው ግፊት እማስተንፈሻዋም ዘንድ አለ። ክዳኑ ሲከፈት ግን እንፋሎቱ በዚያ ቀጭን ቱቦ ሲሮጥ፣ ከግድግዳው ሲታሻሽ፣ በየመታጠፊያው ሲጋጭ፣ ከስድስቱ ሁለቱን መንገዱ ይበላበታል። ማስተንፈሻዋ አራት ብቻ ሲደርሳት «በረደ» ብላ ትዘጋለች። ስትዘጋ ሩጫው ይቆማል፤ ስድስቱ ይመለሳል፤ ትከፍታለች። እሷ አልተበላሸችም፤ ወሬው ጎድሎ ነው የሚደርሳት። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እሷ ስትንቀጫቀጭ ጋኑ የሚገባውን ያህል አይተነፍስም፤ እሳቱ ሳይበዛም ግፊቱ ይወጣል።

እንግዲህ ኦቦ ቶሎሳ እሳት አላበዙም።

«ለመሆኑ ማነው ማስተንፈሻውን ወደዚያ ያራቀው?» አልኳቸው፤ ገና የሚሰደብ ሰው ያገኘሁ መስሎኝ እየተንጎራደድኩ።

«አንተ ነሃ!» አሉ።

ከዳዊታቸው መሐል አንድ ወረቀት አወጡ። የጾም ቅዳሴ ከቀትር በኋላ ነው፤ ጩኸቱ የጎረቤቱን ቤተ ክርስቲያን ካህናት አስቸግሮ ኖሯል። አምና በዚሁ ጾም «ማስተንፈሻውን ከቤቱ ላርቀው ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ከሥር የኔ ጽሕፈት፦ «ቢርቅ ግድ የለም፤ ቱቦ ይቀጠልበት።» ፊርማዬም አለበት።

እኛ ብረት ቤት ውስጥ ማስተንፈሻ ስንል ሁለት ነገር ነው። በሯንም ማስተንፈሻ እንላታለን፤ ከበሯ ወዲያ እንፋሎቱን ወደ ደጅ የሚያወጣውንም ቱቦ ማስተንፈሻ እንለዋለን። እኔ የገባኝ ከበሯ ወዲያ ያለው ነበር፤ እሱ ሰፊ ይሁን እንጂ ቢርቅ ምንም አይደል። እሳቸው የጠየቁኝ በሯን ነው። የአካባቢው ሰው በሯን ነቅሎ ወስዶ ያገኘውን ቀጭን የውሃ ቱቦ ከበሯ ወዲህ፣ በጋኑና በበሯ መካከል፣ ቀጠለው። የቱን እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ቆሜ፣ በጥድፊያ ነው የመለስኩት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

ልዋሽ እችል ነበር። ወይዘሮዋ ምኑም አልገባቸውም፤ ድንጋዩንም የሰቀሉት ሽማግሌው ናቸው። በሯን ወደ ቦታዋ መልሼ፣ «አሁን ደህና ናት» ብዬ፣ ስሜን ይዤ መግባት እችል ነበር። ላቡ ጀርባዬን እስኪያርሰው ድረስ አሰብኩት። ከዚያ ግን እኚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የሄዱት ሰው ዓይኔ ላይ ቆሙብኝ፤ ለወይዘሮዋ ነገርኳቸው። ሁሉን።

ወይዘሮ በላይነሽ ምን ያላሉኝ አለ! እዚህ የማይጻፍ ነው። ሲደክማቸው ቁጭ አሉና፣ «ሽማግሌውን በገበያተኛ ፊት አዋረድኩት እኮ» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ።

ዓርብ፤ የወንጂ መንገድ

ኦቦ ቶሎሳን ከመንደራቸው እንዳመጣ ወይዘሮ በላይነሽ በቅሎ አዋሱኝ። ወደ ወንጂ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ነው፤ ከታች አዋሽ በሸንበቆው መሐል ያብረቀርቃል፣ ሜዳው ላይ ከብት እንደ አሸዋ ፈሷል። በሌላ ቀን ቢሆን እዘፍን ነበር።

ኦቦ ቶሎሳን በረት ሲያጥሩ አገኘኋቸው።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብዬ በቋንቋቸው ሰላም አልኳቸው።

«ነጋ» አሉ፣ ደህና ነኝ ሲሉ። ቀና አላሉም። ባለቤታቸው ግን ወተት በጮጮ አመጡልኝ። ጾም ነው ብል ሴትዮዋ ሳቁብኝ፤ «እናንተ ሰዎች መቼ ነው የምትበሉት?» አሉና የበቆሎ ንፍሮ አቀረቡልኝ።

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ስድስቱን፣ አራቱን፣ ደብዳቤዬን። ሽማግሌው እንጨቱን እያሰሩ ሰሙኝ።

«ጉሮሮው ታንቋል ብዬ ነበር» አሉ። «ቀን ሙሉ አጠገቡ የምቆመው እኔ ነኝ። ማን ሰማኝ? አንተ ከአዲስ አበባ ሆነህ እሳት ያበዛል አልክ።»

«አልኩ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

«እመቤትየዋ ያንተን ጥፋት ታውቃለች?»

«ነግሬአቸዋለሁ።»

እዚህ ላይ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። «ድንጋዩ ግን የኔ ነው» አሉ። «እንጀራዬ እንዳይቀር ፈርቼ ነው። ያን ቀን አንተ ባትደርስ የዚያ ሁሉ ሰው ደም በኔ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደኝም።» እንጨቱን አጥብቀው አሰሩ። «እመለሳለሁ። ግን በጓሮ አልገባም። የተሰደብኩት በሰው ፊት ነው፤ ስሜ የሚመለሰውም በሰው ፊት ነው።»

ቅዳሜ፤ ገበያ

ዓርብ ከቀትር በኋላና ቅዳሜ ጧት እንደ እብድ ሠራሁ። በሯን ከጋኑ ጀርባ ላይ፣ ከቀድሞው ሰፊ መቀመጫዋ ላይ መለስኳት፤ በመሐል ቱቦ የሚባል ነገር የለም። ከበሯ ወዲያ ያለውን ግን ቆርቆሮ ሠሪው በሰፊው ጠቅልሎልኝ እስከ ጓሮው ወሰድኩት። ጩኸቱ ይራቅ፤ በሯ አትራቅ።

ገበያው ሞልቶ ሳለ ኦቦ ቶሎሳ በፊት ለፊቱ በር መጡ። እኔ ፎካሪው እህል ጆንያ ላይ ወጣሁ።

«እኔ ደምሴ እባላለሁ። ማስተንፈሻውን ያበላሸው የኔ ደብዳቤ ነው። ኦቦ ቶሎሳ እሳት አላበዙም። ጉሮሮው ታንቋል ብለው እውነቱን ተናግረው ነበር፤ ያልሰማናቸው እኛ ነን።»

አንድ ሰው ከኋላ በኦሮምኛ ሲተረጉመው ሰማሁ፤ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ጉርምርምታ። ወይዘሮ በላይነሽ ከሚዛናቸው ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አካፋውን በገዛ እጃቸው ለሽማግሌው ሰጡ።

«ቶሎሳ፣ ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ እሳቱ ያንተ ነው፤ ሲከፋህ ንገረኝ እንጂ ድንጋይ አትስቀል።»

«ንገረኝ ካሉ እነግራለሁ» አሉ እሳቸውም።

ሽማግሌው አነደዱ። አምስት። አምስት ተኩል። ገበያተኛው ጆሮውን አቀና። ስድስት! ከአጥሩ ወዲያ፣ ከሩቅ፣ አንድ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ትንፋሽ ተሰማ። አልተንቀጫቀጨም። ቀስቷ ዝቅ አለች፤ በሯ ተዘጋች፤ ጸጥ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ዘልዬ ኦቦ ቶሎሳን አቀፍኩ፤ እሳቸው ጥቀርሻቸውን ሸሚዜ ላይ አተሙብኝ።

እሑድ፤ ወደ ቤት

ባቡሩ ሽቅብ ሲወጣ እያለከለከ፣ ብርዱ እየጨመረ፣ አመሻሹ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። የተማርኩትን ጠይቁኝ፦ መለኪያ የሚናገረው የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ጋኑ ዘንድ ስድስት ያለው እውነት ነው፤ ጓሮ አራት ያለውም እውነት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ በእግሩ ያልሄደ ሰው ግን አይፍረድ። እኔ የፈረድኩት ከአዲስ አበባ ሆኜ ነው።

ሰኞ ጧት ጌታዬ ብረት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«እህሳ ደምሴ፣ አንዳጁ እሳት ያበዛ ኖሯል?»

«የለም ጌታዬ» አልኳቸው። «እሳት ያበዛ ማንም የለም። አፍ ያበዛሁ እኔ ነኝ።»